እሳት ከመጫር መስመር እስከ መሳብ

የዛሬን አያድርገውና፣ ሰፈርተኛው እሳት ይጫጫር ነበር። ማታ አዳፍናው ያደረችው ፍም ከስሞ ያገኘችው እናት ልጇን ትጠራና «ከነእትዬ ቤት እሳት ጭረሽ ነይ» ትላታለች። ልጅቷ ገል ወይም ደረቅ ኩበት ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤት ምድጃ ላይ ጎንበስ ብላ ትጭራለች፤ እንዳይጠፋባት እፍ እፍ እያለች እየሮጠች ትመለሳለች። ይህ የጉርብትና ሕግ ነበር። ማንም አልጻፈው፣ ማንም አላወጀው። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ ቡና ይከለካከሉ እንደሆነ እንጂ እሳት አይከለካከሉም።

ለምን ቢባል፣ እሳት ሰጪውን አይጎዳውም። ከምድጃው ላይ አንድ ፍም ቢነሳ ምድጃው አይቀዘቅዝም። ርቀቱም ቢሆን ዋጋ አያስከፍልም፤ የልጅቷ እግር ፈጣን ከሆነ እሳቱ እንደነደደ ይደርሳል። ደግሞም አንዴ ከደረሰ በኋላ ያው እሳት ነው። ከባለጠጋ ቤት የተጫረውና ከድሃ ቤት የተጫረው እኩል ያፈላል።

ከዚያ ኤሌክትሪክ መጣ። ልማዳችን ግን አልተለወጠም። ቆጣሪ የሌለው ሰው ቆጣሪ ወዳለው ጎረቤቱ ሄዶ «መስመር ልሳብ» ማለት ጀመረ። የአነጋገሩም ሆነ የይሉኝታው ነገር ከእሳት መጫር የተወረሰ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሽቦ የሚጫር እሳት ሰጪውን ያጎድለዋል፤ ርቀት ያደክመዋል፤ ቆጣሪ ይቆጥረዋል። በዚህች ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። የመብራታችን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በግድብ ነው። ስንት ሜጋ ዋት፣ ስንት ተርባይን፣ ማን መረቀው እያልን። እኔ ደግሞ ታሪኩ ያለው በገመዱ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። በተለይ በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ገመድ ውስጥ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1894 በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርስ የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በአንጻሩ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቤተ መንግሥት የገባው እ.ኤ.አ. በ1898 አካባቢ ነው ይባላል። እስቲ አስቡት። ንጉሠ ነገሥቱ 477 ኪሎ ሜትር ድረስ በሽቦ ድምፅ መላክ ሲችሉ፣ የቤተ መንግሥቱ መብራት ግን ከአጥሩ እምብዛም አልወጣም። ሁለቱም ሽቦ ነው፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ነው። ታዲያ ድምፅ ሐረር ሲደርስ ብርሃን ለምን ግቢ ውስጥ ቀረ?

መልሱ የሚሸከሙት ነገር መጠን ነው። ስልክ የሚሸከመው ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ሽራፊ ኃይል ይበቃዋል፤ መንገድ ላይ ቢዳከምም ጆሮ እስከሰማው ድረስ ደረሰ ይባላል። መብራትና ምጣድ ግን ጉልበት ይፈልጋሉ። ጉልበት በቀጭን ሽቦ ሩቅ ልሂድ ሲል ሽቦው ራሱ ቀረጥ ይቆርጥበታል። በእያንዳንዱ ሜትር ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዳር የሚደርሰው ከቀረጥ የተረፈው ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። ታላቁ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒው ዮርክ ላይ ማመንጫ አቋቁሞ መብራት ሲሸጥ፣ ኃይሉ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም የማይዘል ነበር። በ110 ቮልት የሚሄድ ኃይል ሩቅ መንገድ አይችልምና። ከዚያ የሚርቀው ደንበኛ ሌላ ማመንጫ በቅርቡ ይተከልለት፤ አለዚያም በኩራዙ ይቆይ ነበር።

ይህን ቋጠሮ የፈታው የጀርመን ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ፍራንክፈርት ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ትርዒት ተዘጋጀ። አዘጋጆቹ ኃይሉን ያመጡት ከኤግዚቢሽኑ ጓሮ አይደለም። ላውፈን ከምትባል ከተማ፣ ከኔካር ወንዝ ላይ፣ 175 ኪሎ ሜትር ርቀት አቋርጠው ነው። መጀመሪያ በ15 ሺህ ቮልት፣ ቀጥሎም በ25 ሺህ ቮልት ላኩት። ከወንዙ ዳር ከተነሳው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ፍራንክፈርት ደረሰ። በሩ ላይ አንድ ሺህ ያህል አምፖሎች በሩ፤ ሰው ሠራሽ ፏፏቴም ተንቀሳቀሰ። ሩቅ ያለ ወንዝ ሩቅ ያለን ሕንፃ ማብራት እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ። አዲስ አበባ ያኔ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። ያንኑ ኃይል ለመላክ ቮልቱን አሥር እጥፍ ብታደርጉት በሽቦው ውስጥ የሚሄደው አምፔር በአሥር ይቀንሳል። ሽቦው የሚቆርጠው ቀረጥ ደግሞ በአሥር ሳይሆን በመቶ እጅ ይቀንሳል። ስለዚህ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ኃይል መነሻው ላይ በትራንስፎርመር ከፍ ይደረጋል፤ መድረሻው አጠገብ ደግሞ በሌላ ትራንስፎርመር ዝቅ ይደረጋል። ከአገር አገር የሚያልፉት እነዚያ ግዙፍ የብረት ምሰሶዎች የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት የራሱን ታሪክ ሲተርክ፣ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1912 በአቃቂ ወንዝ ላይ መሠራቱን ይናገራል። ዓላማው አዲስ አበባ ውስጥ ለተቋቋሙት ትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል መስጠት ነበር። ከዚያ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ወዳሉት መንገዶችና የሕዝብ ቦታዎች ተስፋፋ። ቀጥሎ የመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ነው። እሱም እዚያው አቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ አቅሙም 6.6 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። ዛሬ ይህ ለአንድ ደህና ፋብሪካ የሚበቃ ኃይል ነው። ያኔ ግን የአንዲት ዋና ከተማ ኩራት ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መብራቱ በጠላት ንብረት አስተዳዳሪ እጅ ቆየ። ከዚያ ሸዋ ኤሌክትሪክ ተባለ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሆነ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ከዚያ ስም ቆርጦ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ለሁለት ተከፍሎ አንዱ አመንጪ፣ አንዱ አከፋፋይ ሆነ። ሕዝቡ ግን አሁንም መብራት ሲጠፋ የሚጠራው ያንኑ የድሮ ስም ነው።

ትልቁ እመርታ ቆቃ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ልብ በሉ፤ አሁን ወንዙ የከተማዋ ጓሮ ውስጥ አይደለም። አዋሽ ላይ የተያዘ ውሃ አዲስ አበባ ውስጥ አምፖል የሚያበራው በረጅም መስመር ምክንያት ነው። ላውፈን ለፍራንክፈርት የሆነችላትን ቆቃ ለአዲስ አበባ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ የተሠራው ማመንጫ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ደረሰላት።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቅሬታ አለ። ምሰሶው በማሳው መሐል የተተከለበት፣ ሽቦው በጣራው ላይ የሚያልፍበት ገበሬ ቤቱ በኩራዝ ያመሻል። «በላያችን ያልፋል እንጂ ወደኛ አይወርድም» ይላል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስላል። ገበሬው ምቀኝነት ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ሽቦ የተሸከመው 132 ሺህ ወይም 230 ሺህ ቮልት ነው። ከእሱ ላይ እንደ ቧንቧ ውሃ ቀድቶ መጠጣት አይቻልም። ወደ ቤት እንዲወርድ ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል። ከጣቢያው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የሚሸከም መስመር ይወጣል። በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሰቀላል። ከዚያ 220 ቮልት ሆኖ ደጅ ይደርሳል። ስለዚህ ከመስመሩ ሥር መኖርና ለመስመሩ ቅርብ መሆን አንድ አይደሉም። በኤሌክትሪክ ዓለም ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። በመካከል ያለው ወጪ ማን ይክፈለው በሚለው ጥያቄም ይለካል።

ይህንን ለማየት ገጠር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቦሌ ሚካኤልን ማየት ይበቃል።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የልደታው ሜዳ ለጄት አልበቃ ስላለ ከከተማዋ ወጣ ያለ ሜዳ ተፈለገ። ያኔ ቦሌ ዳር ነበር። ከተማዋ ግን እየተንፏቀቀች መጣችና ማረፊያውን ከበበችው። በማረፊያው ጥግ ያለው የቦሌ ሚካኤል ሰፈርም ሞላ። ፎቅ ተሠራ፤ ቪላ ተሠራ፤ ከቪላው ጀርባ ሰርቪስ ተሠራ፤ ከሰርቪሱ ጎን ደግሞ በቆርቆሮና በጭቃ ክፍል ተቀጠለ። ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ ከመሐል ከተማ ኪራይ የገፋው፣ ከሶማሌ አገር የተሰደደው ሁሉ ተጠጋበት። የአንዳንዱ ቤት ካርታ አለው። የአንዳንዱ የለውም። በከተማዋ ዳርቻ ሁሉ እንደታየው ጨረቃ ስትወጣ ተጀምሮ ሲነጋ ያለቀ ቤትም አለ። «ጨረቃ ቤት» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ነው።

መብራት ኃይል ደግሞ ቆጣሪ ለማስገባት ማስረጃ ይጠይቃል። ቤቱ ያንተ ነው ወይ? ካርታህ የታለ? ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ። ይህን ማሟላት ያልቻለ ሰው ትራንስፎርመሩ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ላይ ተሰቅሎ እንኳ ሩቅ አገር ነው ያለው። በኤሌክትሪክ ቋንቋ በሕጋዊው ሰፈርና በጨረቃ ቤቱ መካከል ያለው ርቀት ከቆቃ እስከ አዲስ አበባ ካለው ይበልጣል። ቆቃን ያገናኘው ሽቦ ነው፤ ይሄኛውን ግን ሽቦ ብቻውን አያገናኘውም፤ ወረቀት ይፈልጋል።

ታዲያ ሰው በጨለማ አይቀመጥም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ብሎ ይሄዳል። እትዬ እገሊት ቆጣሪ አላቸው። ልጃቸው ከልጁ ጋር ይማራል፤ ዕድርም አንድ ነው። «ለአምፖል ብቻ ነው እትዬ፣ ልጆቹ ያጥኑበት» ይላቸዋል። እሳቸውም እሳት የመከልከል ያህል ይከብዳቸውና እሺ ይላሉ። ከሱቅ ገመድ ይገዛል። ቀጭኑ ርካሽ ነው፤ ያንን ይገዛል። አጠና ተክሎ፣ በአጥር ላይ አስታኮ፣ በጎረቤት ጣራ አሳልፎ ቤቱ ያደርሰዋል። የተቀጠለበትን ቦታ በፌስታል ይጠቀልለዋል። መብራት በራ! ልጆቹ ያጨበጭባሉ።

መጀመሪያ አምፖል ብቻ ነበር። ከዚያ ሬዲዮ። ከዚያ ቴሌቪዥን። አንድ ቀን ደግሞ ምጣድ ይመጣል። ጣጣውም ያኔ ይመጣል።

የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተራ ዕቃ አይደለም። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈጃል። ባለ 40 ዋት አምፖል ብትደረድሩ የአንድ ምጣድ ፍጆታ ከ80 አምፖል በላይ ነው። አሁን እንቁጠር። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው እንበል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከእትዬ ቆጣሪ እስከ ሰውዬው ቤት መቶ ሜትር አለ። ገመዱ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳልና የሽቦው መንገድ 200 ሜትር ይሆናል። ሒሳቡ ሲሠራ ከቆጣሪው በ220 ቮልት የተነሳው ኃይል ምጣዱ ጋ ሲደርስ 190 እንኳ አይሞላም። ምጣዱም 3,500 ዋት መስጠቱ ቀርቶ 2,600 አይደርስም። ከሩብ በላይ ትኩሳቱን አጣ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ፊዚክስ ያልተማረች እናት በሚገባ ታውቀዋለች። «ምጣዱ ዓይን አላወጣም» ትላለች። እንጀራው ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል፤ ወይም ይጣበቃል። አንዱን እንጀራ ለማውጣት ስትጠብቅ ሊጡ ያልፋል። ጥፋቱን መጀመሪያ በሊጡ፣ ቀጥሎ በምጣዱ፣ ቀጥሎም በሠራተኛዋ ታሳብባለች። ጥፋተኛው ግን በጎረቤት ጣራ ላይ የተጋደመው ቀጭን ገመድ ነው።

የጎደለው ሙቀትስ የት ሄደ? ገመዱ ጋ ነዋ! ያ ገመድ በጣራው ላይ ተጋድሞ ከ400 ዋት በላይ ያቃጥላል። አሥር አምፖል ያለ ጥቅም አየር ላይ እንደበራ ቁጠሩት። ቆጣሪው ደግሞ የሚለካው መነሻው ላይ ነውና አየር ላይ የተቃጠለውንም ይመዘግባል። ሰውዬው ያልጋገረበትን ይከፍላል ማለት ነው። ባለ 6 ሽቦ ቢገዛ ኖሮ 210 ቮልት ይደርሰው ነበር። ባለ 6 ሽቦ ግን ውድ ነው። እንግዲህ ድህነት እንዲህ ነው፤ ርካሹን ገዝቶ ውዱን ሲከፍል መኖር።

ቀጥሎ የሚመጣው ጠብ ነው። እዚህ ምጣድ ሲጣድ እትዬ ቤት መብራቱ ደብዘዝ ይላል። እትዬም ምጣድ ከጣዱ ቆጣሪው ይወርዳል። ከዚያ ተራ ይወጣል። ማክሰኞ የእናንተ፣ ሐሙስ የእኛ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ መጋገር ይመጣል። «ምጣድ ተጥዷል እንዴ?» የሚል ጩኸት በአጥር ላይ ይሰማል። የወር ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ክፍፍሉ በአምፖል ቁጥር ይሁን፣ በሰው ቁጥር ይሁን፣ በቤት ይሁን እየተባለ ይተማመናል ወይም ይጣላል። አንዳንዱ መላ ፈጥሮ ንዑስ ቆጣሪ ያስገባል። አንዳንዱ ባለ ቆጣሪ ደግሞ በጉርብትናው ላይ ትርፍ ይጨምርበታል። የካርድ ቆጣሪ ከመጣ ወዲህ «ካርዱ ሊያልቅ ነው፣ የማን ተራ ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተጨመረ።

ከጠቡ የከፋው ግን ታሪፉ ነው። ይህንን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. በሠራው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እያንዳንዱ 27.30 ሳንቲም ነበር። የሚቀጥሉት 50 ወደ 35.64 ሳንቲም ከፍ ይላሉ። ከዚያ የሚቀጥሉት 100 ደግሞ 49.93 ሳንቲም፣ የሚቀጥሉት 100 ደግሞ 55 ሳንቲም ነበሩ። እንዲያ እያለ እስከ 69.43 ሳንቲም ይወጣል። ሐሳቡ ደግ ነበር። ትንሽ የሚጠቀም ድሃ ነውና በርካሽ ያግኝ፤ ብዙ የሚጠቀም ሀብታም ነውና ይክፈል።

ደግ ሐሳብ የጋራ ቆጣሪ ላይ ሲደርስ ግን ይገለበጣል። አምስት ድሃ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቀሙ እንበል። አምስት ቆጣሪ ቢኖራቸው እያንዳንዱ 13 ብር ከ65 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 68 ብር ከ25 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲሆኑ ግን ቆጣሪው የሚያየው 250 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ሀብታም ነው። ሂሳቡ 108 ብር ከ90 ሳንቲም ይሆናል። በዚያው ፍጆታ ወደ 60 በመቶ ጭማሪ! ድጎማው ቪላ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩትን ጡረተኛ ሲያገኝ፣ ሰርቪስ ውስጥ በአምስት ቤት የታጨቁትን ስቷቸው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ታሪፉ ተሻሽሏል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጓል። አንድ ነገር ግን አይለወጥም። ዋጋ በቆጣሪ እስከተቆጠረ ድረስ ቆጣሪ የሌለው ሰው በሌላው ጥላ ውስጥ ይቆጠራል።

ስለ አደጋው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክረምት ሲገባ በፌስታል የተጠቀለለው ቅጥያ ውሃ ይገባዋል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ገመድ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከኮርኒስና ከማዳበሪያ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። እሳት ይጫጫሩ የነበሩ ጎረቤቶች አንዱ ከአንዱ ቤት ሳይታሰብ እሳት ይቀባበላሉ።

አሁን ደግሞ ዘመኑን እንየው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል ትዝ ይለናል። ያን ጊዜ ችግሩ ኃይል ማነስ ነው ተባለ፤ እውነትም ነበር። ከዚያ ተከዜ መጣ፣ በለስ መጣ፣ ጊቤ ሦስት መጣ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከአባ ሳሙኤል 6.6 ጋር ስታስተያዩት ወደ 780 እጥፍ ነው። ከጉባ የሚነሳው ኃይል በ500 ሺህ ቮልት ተሸክሞ ወደ ሆለታ ይመጣል። ወደ ደቡብም ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቷል። በዚያ መስመር በ2015 ዓ.ም. ለኬንያ ኃይል መሸጥ ተጀመረ።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ከሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ኃይል ይጓዛል፤ ዋጋ ተቆርጦለት ገዢው እጅ ይገባል። በአንድ ጠባብ መንደር ውስጥ ግን ከእትዬ ቆጣሪ እስከ ጎረቤታቸው ቤት መቶ ሜትር መጓዝ አቅቶት ምጣድ ያቀዘቅዛል። ሺውን ኪሎ ሜትር የሚያውቅ መሐንዲስ አለ፤ በጀት አለ፤ ውል አለ። መቶዋን ሜትር የሚያውቃት ግን ፌስታልና አጠና ብቻ ነው።

በርግጥ ሥራ አልተሠራም ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀምሮ ብዙ የገጠር ከተሞች መስመር አገኙ። በ2009–2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ደግሞ አንድ ቁም ነገር አምኗል። ሁሉም ቤት በሽቦ አይደረስበትም፤ ለሩቁ ፀሐይ ይሻለዋል ብሏል። ይህ ትክክል ነው። ተራራ ላይ ላለች የጤና ኬላ ወይም ገደል ሥር ላለች ትምህርት ቤት ሃያ ኪሎ ሜትር ምሰሶ ከመትከል ጣራዋ ላይ ሰሌዳ ማስቀመጥ ይቀላል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ይበቃል። ምጣድ ግን በዚያች ሰሌዳ አይሰማም። እንጀራ አሁንም ወፍራም ሽቦ ይጠይቃል።

ከተማ ውስጥ ያለው መፍትሔ ግን ከፀሐይም ከግድብም የቀለለ ነው። ቆጣሪን ከይዞታ መለየት ነው። ቆጣሪ መስጠት የመሬት ባለቤትነት መስጠት አይደለም። «ይህ ወረቀት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ የሚያገለግል እንጂ የይዞታ ማስረጃ አይሆንም» የሚል አንድ መስመር ከበቂ በላይ ነው። ያለ ካርታ የሚኖር ሰው በጨለማ አልተቀመጠም፤ በእትዬ ቆጣሪ በኩል እየገባ አለ። ጥያቄው ይጠቀም ወይስ አይጠቀም አይደለም። በወፍራም ሽቦ፣ በራሱ ቆጣሪ፣ በድሃ ታሪፍ ይጠቀም ወይስ በቀጭን ገመድ፣ በሰው ቆጣሪ፣ በሀብታም ታሪፍ? መሥሪያ ቤቱም ቢሆን በጣራ ላይ ከሚቃጠለው ኃይል የሚያተርፈው የተቃጠለ ትራንስፎርመር ብቻ ነው።

እሳት በሚጫርበት ዘመን ፍሙን የሚጠብቀው የልጅቷ እፍታ ነበር። ገሉን በእጇ ይዛ ፍሙ እንዳይከስም የሚጨነቀው ልብ የሷ ብቻ አልነበረም፤ የሰጠችዋም ጎረቤት «ቶሎ በይ፣ ይጠፋብሻል» እያለች ትሸኛት ነበር። በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው መስመር የሚመረቅለት ቀንና የሚቆረጥለት ሪባን አለው። የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ግን ሪባን የላትም። ቶሎ በይ፣ ይጠፋብሻል የሚላትም አላገኘችም።